ከሰባቱ የቀረው ጥድ

ያንን ቅርንጫፍ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አፍ አውጥቼ ለመናገር አራት ወር ፈጅቶብኛል።

በአጥራችን ጥግ ሰባት የፈረንጅ ጥዶች ነበሩ። ኮልፌ በገባን በዓመቱ ባለቤቴ ነው የተከላቸው። ሲተክላቸው አጥር እንዲሆኑ ነበር፤ በሰዓቱ የሚከረክማቸው ጠፍቶ ዛፍ ሆነው ቀሩ። እሱ ካረፈ በኋላ እኔም አልከረከምኳቸውም። መጋዙ ግን እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

በሽታው የጀመረው ከጓሮ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ከውስጥ በኩል ዛገ። ቀጥሎ ጥላሸት የመሰለ ነገር ቅርንጫፉን ሸፈነው፤ ከሥሩ ያሰጣሁት አንሶላ ሲነሳ ይጣበቃል። ጉንዳን ይመላለሳል። መነጽሬን አድርጌ ቀረብ ብዬ ሳይ ግራጫ ጥቃቅን ነፍሳት ቅርፊቱ ላይ ተደርድረዋል። ክሽክሽ ነው አሉኝ። በሳሙና ውሃ አጠብኩ። አመድ በተንኩ። ከአየር ጤና መድኃኒት ገዝቼ አስረጨሁ፤ የረጨው ሰው ሦስት ቀን ሙሉ መስኮት እንዳልከፍት አስጠነቀቀኝ፣ ክሽክሹ ግን በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስቱ ደረቁና ተቆረጡ። ስድስተኛው ግማሽ ጎኑ ደርቆ ቆመ። በር ላይ ያለው ሰባተኛው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ያው ነፍሳት እሱም ላይ አሉ፤ አይቻቸዋለሁ። ለምን እንደማይገድሉት ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ችግሩ ሰባተኛው የቆመበት ቦታ ነው። የሠፈራችን ዕድር ዕቃ ቤት የተሠራው ከእኔ አጥር ጋር ተያይዞ ነው፣ በባለቤቴ ፈቃድ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝ። የዛፉ ግማሽ አካል በዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ያጋደለ ነው። አምስቱ ከደረቁ በኋላ የዕድሩ ሊቀመንበር በየወሩ ስብሰባ ላይ ያንኑ ይደግማል። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ ሰው ነው፤ ሲናገር አሁንም ሞተር ላይ የሚጮኽ ይመስላል።

«እሜቴ፣ ዛሬ አረንጓዴ ነው፤ ነገ ይደርቃል። በክረምት ነፋስ ቆርቆሯችን ላይ ቢወድቅ ድንኳናችንን ማን ይሰፋልናል? ወንድሞቹን አይተናል እኮ።»

እውነቱን ነው። ያንን አንድ ዛፍ ግን እንዲቆረጥ አልፈለግሁም። ምክንያቱን ማብዛት አልወድም፤ የተከለው ሰው የለም፣ ከተከላቸውም ደህና ሆኖ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ነች መላ ያመጣችው። ስለ ዕፀዋት ነው የምታጠናው፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ልትበላ መጥታ ምሳው ሳይቀርብ ከዛፉ ሥር ቆማ ቀረች።

«አክስቴ፣ ይኼን ለመመረቂያ ሥራዬ ይስጡኝ» አለችኝ።

«ተሸክመሽው ትሄጂያለሽ?»

«እዚሁ ይቁም። በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ከሆነ መምህሬ ለዕድሩ ደብዳቤ ይጽፋል። ለዘር የሚፈለግ ዛፍ ነው ይላል። ደብዳቤ ካለ ማን ይቆርጠዋል?»

ደብዳቤ ዕድራችን የሚያከብረው ነገር ነው፤ ማኅተም ካለበት ደግሞ ቆመው ያነቡታል። ተስማማሁ። ምን እንደምትፈልግ ግን ይገባኝ ዘንድ ጠየቅኳት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ባዮሎጂ ጥሩ ነበርኩ፣ የዛሬው ባዮሎጂ ግን ሌላ ነው።

መከላከያው በሁሉም ዛፍ ውስጥ አለ አለችኝ። ሙጫ የሚያሠሩ ጂኖች አሉ፣ ለነፍሳቱ የሚመርር ነገር የሚያሠሩ ጂኖች አሉ። በደረቁትም ውስጥ ነበሩ። ልዩነቱ ያለው ጂኑ መኖሩ ላይ ሳይሆን መነበቡ ላይ ነው። ሳይነበብ ከተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁልጊዜ ከተነበበ ደግሞ ዛፉ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። ስለዚህ የሚበዛው ዛፍ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ሲወጋ ነው የሚነሳው።

«እንደ ዕቃ ቤታችን ነዋ» አልኳት። «ዕቃው ሁሉ ውስጥ አለ። ጥሩምባ ካልተነፋ ግን አንድ ማንኪያ አላወጣም።»

ሹካዋን አስቀምጣ ሳቀች። «በቃ! መምህሬ በሁለት ሰዓት ያላስረዳኝን! እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ይኼ ዛፍ ዕቃውን በስንት ቀኑ ያወጣል? የታመመውስ ዘግይቶ ነው የሚያወጣው ወይስ ጭራሽ ተኝቷል?»

በስድስተኛውና በሰባተኛው ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ እየመረጠች ነጭ ሻሽ እንደ ከረጢት ሰፍታ አጠለቀችባቸው። በግማሾቹ ሻሽ ውስጥ ክሽክሽ ታሳርፋለች፤ ግማሾቹ ባዶ ናቸው፣ ማነጻጸሪያ። ክሽክሹ ከማረፉ በፊት አንዴ ቅጠል ትወስዳለች፤ ከዚያ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው። ቅጠሉ እንደተቀጠፈ ወዲያው ክፉኛ በሚያቀዘቅዝ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ ጂኑ መነበቡን የሚያሳየው መልእክት በደቂቃ ይበላሻል። ናይትሮጅኑን የምታገኘው ሌሎቹ ተማሪዎች ለበዓል ሲሄዱ ብቻ ስለሆነ ሥራው ለገና ማግስት ተቆረጠ።

«እስከዚያ ድረስ» አለችኝ፣ «ከዛፉ ላይ ምንም እንዳይቆረጥ። ለዛፍ ቢላም ጥሩምባ ነው። ክሽክሽ ሲወጋውም ስለት ሲያርፍበትም ከሚያወጣው ዕቃ ብዙው አንድ ነው።»

ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልናገር። ከፊት ለፊታችን የምትኖር የጉራጌ ሴት ናት፤ ልጆቿን ስታሳድግ አይቻለሁ፣ ባለቤቴ ሲሞት አርባ ቀን እኔ ቤት አድራለች። በየዓመቱ ለመስቀል በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ቆጮና ክትፎ ትልክልኛለች። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ለገና ዋዜማ ከጥዱ አንድ ደህና ቅርንጫፍ ቆርጬ እሰድላታለሁ፤ ልጆቿ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቿ፣ መብራት እየጠመጠሙ የገና ዛፍ ያደርጉታል። ይህን ነገር ስንጀምረው የተነጋገርነው የለም። ስለማንነጋገርበት ነው የጸናው። ያን ዓመትም የመስቀሉ ሳህን መጥቶልኛል፤ በልቻለሁ። ቅርንጫፍ የጠየቀኝን ሌላውን ጎረቤት ሁሉ ዘንድሮ የለም ብዬ መለስኩ። እሷን ግን እንዴት ብዬ? በጂን?

ዋዜማው ረፋድ ላይ መጋዙን አወረድኩ። ሻሽ ካለበት ርቄ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ከልጅቱ ሥራ በተቃራኒ ጎን አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ዛፉን እንደ ቤት ነው ያሰብኩት፤ ሳሎን ሲጠረግ ጓዳ አይሰማም። ዛፉ ትልቅ ነው፣ አንዲት ቅርንጫፍ ምኑ ናት አልኩ። ጎረቤቴ በር ላይ ተቀብላኝ «እቴ፣ ዘንድሮ ደግሞ እንዴት ያለ ለምለም ነው!» አለች።

በገና ማግስት የእህቴ ልጅ በነጭ የሚጨስ ዕቃዋን ይዛ መጣች። ወፍራም ጓንት አድርጋ ቅጠሉን እየቀጠፈች ናይትሮጅኑ ውስጥ ጣለች። የቆረጥኩበትን አላየችም፤ ከመንገዱ በኩል ነበር። እኔም አላሳየኋትም።

ከዚያ የሆነው መጠበቅ ነው። ኬሚካሉ ከውጭ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። መጣ፤ ማሽኑ ተራ ይዟል። ተራው ደረሰ፤ መብራት ጠፋ። በየሳምንቱ ስደውል «ገና ነው፣ አክስቴ» ነው መልሱ። ሊቀመንበሩ በበኩሉ ክረምት ሳይገባ ወይ ደብዳቤ ወይ መጋዝ ብሎ አስወስኗል። በሁለቱ መካከል እኔ ዛፍ አያለሁ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ቅጠሉ ዝጎ እንደሆነ ነው።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። ፊቷ በርቷል። ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ቀለም ያላቸው አምዶች አሳየችኝ።

«ይኼ የታመመው ነው። ዝም፣ ዝም፣ ዝም፣ በሰባተኛው ቀን ትንሽ ብቅ ይላል። ይኼ ደግሞ የእርስዎ። ይዩት! ክሽክሽ ሳይነካው ገና ከመጀመሪያው ከፍ ብሏል። ባዶ ሻሽ ውስጥ ያለውም ጭምር። ይኼ ዛፍ ዕቃውን ሁልጊዜ ደጅ አውጥቶ የሚኖር ዛፍ ነው ማለት ነው።»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አልኳት።

«ሌላማ አንድ ሰው ቀድሞ ጥሩምባ ነፍቶበት ከሆነ ነው። ማንም አልነካውም አይደል?»

«ማን ይነካዋል» አልኩ።

ጥያቄን በጥያቄ መለስኩ። እሷም አልጠረጠረችም፤ መምህሯ በጣም ደስ እንዳለው፣ ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት እንደሚጽፍ፣ እሷም «ሁልጊዜ ነቅቶ የሚኖር ዛፍ» የሚለውን ምዕራፍ እንደጀመረች ነገረችኝ። የምፈልገው ደብዳቤ እየመጣ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ።

ሻይ ጠጥታ ልትሄድ ስትነሳ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዛፍ ስላልተገኘ መምህሯ ከዚህ ዛፍ ዘር አስለቅሞ ሊያስተክል ማሰቡን አከለች። ያልሆነውን ነው ብለው ሊተክሉት ነው ማለት ነው። በኋላ ክሽክሽ ሲጨርሰው ሌላ ሰው እንደ እኔ በሳሙና ሊያጥብ ነው።

«ቆርጬዋለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዛፉን። የገና ዋዜማ። ከመንገዱ በኩል አንድ ቅርንጫፍ።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች ቆመች። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

«በስንት ሰዓት?»

«አምስት ሰዓት ገደማ። ረፋድ።»

«በምን?»

«በመጋዝ።»

«ውፍረቱ?»

የእጄን አንጓ አሳየኋት። ቁጭ ብላ ሁሉንም ጻፈች። ወጥታ የቆረጥኩበትን አየች፣ በስልኳ አነሳችው። ተመልሳ ገብታ ኮምፒውተሯን ዘጋች።

«አራት ወር ሙሉ፣ አክስቴ?»

የሻይ ብርጭቆዋን አንስቼ ወደ ጓዳ ወሰድኩ።

«በተቃራኒው ጎን ያለው ቅርንጫፍ በሁለት ቀን ውስጥ ሰምቶ ከሆነ እኮ ትልቅ ነገር ነው» አለች በሩ ላይ፣ ለእኔም ለራሷም። «ግን ማስረጃ አይሆነኝም። ከመቆረጡ በፊት የነበረውን አላየሁማ።» ከዚያ ሁለት ሳምንት አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ደብዳቤው ቀረ። ሥራው እንደገና ሊሠራ ነው፤ ውጤቱ ግን ክረምት ሳያልፍ አይደርስም። በግንቦት ስብሰባ ላይ ቆሜ ጊዜ መለመን ነበረብኝ። በዚያ ስብሰባ ውስጥ ለሰው ጉዳይ እንጂ ለራሴ ተነስቼ ተናግሬ አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ዛፉን በቆረጥኩበት ምክንያት ምርመራው እንደተበላሸ ተናገርኩ። ለማን እንደቆረጥኩ አልተናገርኩም።

«ቆይ እሜቴ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ዛፉ ደንግጦ ነው የሚሉን?»

«እንደዚያ በለው።»

«ታዲያ ሐሳቡን እስኪሰበስብ ልንጠብቀው ነው?»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። ከኋላ አንዱ «ጸበል ይረጭለት!» አለ። ሌላው «ለዛፉ መዋጮ ይጣልበት፣ አባል ይሁን!» አለ። ቁልፉን በእጄ እያገላበጥኩ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ጎረቤቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። «የቆረጠችው ለእኔ ነው» አለች። «በየገናው ትሰድልኛለች። የልጅ ልጆቼ መብራት አድርገውበት ሲጨፍሩ ነበር። ይኼ ሁሉ መዘዝ እንዳለበት ግን አልነገረችኝም።» ይህን ስትል ወደ ሊቀመንበሩ ሳይሆን ወደ እኔ ነው የምታየው። «ብትነግሪኝ ኖሮ የፕላስቲክ አልገዛም ነበር? መርካቶ ሞልቶ!»

«አንቺማ የገና ዛፍሽን ይዘሽ ቁጭ በይ» አላት ሊቀመንበሩ።

«አልቀመጥም። የምትፈሩት ለዕቃው ነው አይደል? ዕቃው ከዛፉ ሥር ካልኖረ ቢወድቅስ ምን ይነካል?»

እሷ ይህን ባትል ኖሮ እኔ አላስበውም ነበር። ክረምቱ እስኪያልፍ የዕድሩ ዕቃ በሙሉ እኔ ሳሎን ይቀመጥ አልኩ። ሊቀመንበሩ ጢሙን አሸ። «ድንኳኑ እንኳ ብቻውን አንድ ክፍል ይሞላል እኮ፣ እሜቴ» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነበር። ተስማሙ። የዛፉ ጉዳይ ግን በደብዳቤው ይወሰናል ተባለ።

ያን ክረምት የኖርኩትን ኑሮ አልመኝላችሁም። ድንኳኑ ከሶፋው እስከ መስኮቱ ተጋደመ፤ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ድስቶቹ ከቁም ሣጥኑ ፊት ስለተደረደሩ ሹራብ ለማውጣት ድስት ማንሳት አለብኝ። አግዳሚዎቹ መተላለፊያውን ያዙ፤ ሁለት ጊዜ ጉልበቴን መትተውኛል። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ጎረምሶች በጭቃ ጫማ ሳሎኔ ይገባሉ። ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ተኝቼ የዛፉን ድምፅ እሰማለሁ፤ በዝናቡ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ቆርቆሮውን ይፈትጋል፣ አይወድቅም። አንዳንድ ቀን ቢወድቅ ይሻላል እስከማለት ደርሻለሁ።

የእህቴ ልጅ በሐምሌ መጀመሪያ በዝናብ መሐል መጥታ ሥራውን ደገመችው። የድንኳኑ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ሻይ ጠጣች። ዙሪያዋን ስታይ ቆይታ «አክስቴ፣ ዕቃዎን ሁልጊዜ አውጥተው የሚኖሩት እርስዎ ነዎት እንጂ ዛፉ አይደለም» አለችኝ። ከሚያዝያ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቀልድ ናት። ሻይዋን ደገምኩላት።

ውጤቱ የደረሰው ለመስቀል ሰሞን ነው። ዛፉ ሳይነካ ሲቆይ እንደማንኛውም ዛፍ ዝም ያለ ሆኖ ተገኘ። ክሽክሽ ባረፈበት ግን በመጀመሪያው ቀን ነው የሚነሳው፤ የታመመው እስከ ሳምንት ይቆያል። ሁልጊዜ የነቃ ሳይሆን ቶሎ የሚሰማ ዛፍ ነው። ይህን ስትነግረኝ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን «ደብዳቤውስ?» ነው ያልኩት።

ደብዳቤው መጣ፣ ማኅተም አለበት። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አድርጎ በስብሰባው ፊት ቆሞ አነበበው። ውጤቱ «ተስፋ ሰጪ አመላካች» ነው ይላል። በአንድ ዛፍ ብቻ መደምደም እንደማይቻል፣ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ ይላል። ዘወር አድርጎ ጀርባውን አየ። ባዶ ነው።

«ይቁም አይልም» አለ።

«ይቆረጥም አይልም» አለች ጎረቤቴ።

ረጅም ክርክር ሆነ። መጨረሻ ላይ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አልፎ ለመቁረጥ ደፍሮ እጁን የሚያወጣ ጠፋ፤ ይቁም ብሎ ለመፈረምም እንዲሁ። ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት እስኪደረግ በይደር ተያዘ። ዕቃውም እስከዚያው ባለበት ይቆይ ተባለ። ባለበት ማለት እኔ ሳሎን ነው።

ዛፉ ቆሟል። እኔ የጠየቅሁት ይህንኑ ስለሆነ ማማረር አይገባኝም፤ ግን ይህን የምጽፈው አንድ ጎኔን ለድንኳን ለቅቄ ነው። ባለፈው የገና ዋዜማ ከአየር ጤና መንገድ ዳር ከሚሸጡት አንድ ቅርንጫፍ ገዝቼ ለጎረቤቴ ወሰድኩላት። የሳሳ፣ ጫፉ የጠወለገ ነበር። ተቀብላኝ ወደ እኔ በር፣ ወደ ዛፉ ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ የገዛሁትን አየች።

«ይኼማ የእህትሽ ልጅ እንደምትለው ዕቃውን ቶሎ ያላወጣ ነው» አለች፤ ነገር ግን ወስዳ መብራት ጠመጠመችበት።

ስመለስ በመንገዱ በኩል ዞሬ የቆረጥኩበትን አየሁ። ሙጫው በቁስሉ ዙሪያ ወርዶ ደርቋል፣ እንደ ሰም ነጭ ሆኖ። በጣቴ ልነካው እጄን ሰድጄ መለስኩት። ሻሾቹ እንደገና ታስረዋል፤ ልጅቱ በገና ማግስት ትመጣለች።